ከየት ቀዳህ?

ነዚፍ አባ ቡልጉ፣ ከእኔ በፊት እዚህ
ወንበር ላይ የነበርክ፣
አሁን በየት አገር፣ በየትኛው ቢሮ
ደመወዝ የቀየርክ፣
መዝገብህ እኔ ጋ ነው። ሽፋኑ ላይ ውሃ
የሣለው ክብ አለ፤
ውስጡ በእርሳስ ቁጥር ከላይ እስከ ታች
እየተንጠለጠለ።

ቦዬ ረግረግ፣ መጋቢት፣ ፎስፌት፣
ሦስት ነጥብ ሁለት፤ ጎኑ ላይ «ተስ» ይላል።
ተስተካክሏል? ተስቷል? ወይስ ተስፋ ነበር?
ማን ይነግረኛል?

ኮምፒውተሩ ውስጥ «የመጨረሻ» አንዱ፣
«የመጨረሻ፣ የታረመ» ወንድሙ፣
«ይሄኛው ነው» ይላል ሦስተኛው በስሙ፤
ስከፍታቸው ግን፣ እንደ ውርስ ወራሾች
ሦስቱም አይስማሙ።

ሰኞ ባልዲ ይዤ ወረድኩ።
ከሂርማታ የገዛሁትን ቦቲ ጭቃው ሊያስቀር ሲታገለኝ፣
ቄጠማ ገልጬ «ጣቢያ ሁለት» ያልከው ላይ ቀዳሁ፣
ለካሁ፦ ስምንት ነጥብ አንድ።
ማክሰኞም ስምንት። ረቡዕ ብልቃጡን አጠብኩ፣
ራሴን ጠረጠርኩ፣
ቀጥዬም አንተን፣ ይቅር በለኝ፣
ቀጣፊ ነው ብዬ በልቤ ከሰስኩ።

«ሰማይ አይታረስ፣ የታተመ አይከሰስ፤
ያንቺን ጣዪው» አሉኝ
አማካሪዬ፣ ሳቅ ብለው።

ሐሙስ ግን ረግረጉ ዳር ጡብ የሚያደርቁት አባ ጊዲ፦
«ያ ቀጭኑ ልጅ? መነጽር ያለው?
እሱማ እዚህ አልቀዳም።
ጉማሬዋ ከግልገሏ ጋር ወጥታ ነበር በዚያ ወር፤
ከድልድዩ ሥር ነው፣ ከወራጁ።
ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ጉማሬ!
ነዚፍ፣ ሁለት መቶ አርባ ረድፍ ስትሞላ
አንዲት ጉማሬ እንዴት ጠፋችብህ?
ያን የሚያህል ገላ፣ ከዓምዶችህ መሐል
በየት አለፈችብህ?

ከየት ቀዳህ? ማለት ነበረብኝ ገና ድሮ፤
ፈታኝ ኮራጅ ሲይዝ እንደሚለው አይደለም፤
ምንጭ መንገድ ላይ፣ እንስራ ያዘለችውን
ቆም አድርገው እንደሚጠይቋት፦
«ከየት ቀዳሽ? ጥሩ ነው? እኔም ልሂድ?»

ዛሬ ማታ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መብራት ሄዶ እስኪመለስ ጠብቄ
ሁሉንም ለሁሉም አወጣሁት፦ ጥሬውን ቁጥር፣ ስሌቱን፣
መሣሪያውን ሳላስተካክል የለካሁትን ሦስት ብልቃጥ ጭምር።
አልሰረዝኩትም። «የኢክራም ስህተት» ብዬ ጻፍኩበት።
አንድ ዓምድም ጨመርኩ፣ «ጉማሬ» የሚል፤
አለች፣ የለችም።

አማካሪዬ ይቆጡ ይሆናል።
ይቆጡ።

አንቺ ከእኔ በኋላ እዚህ የምትቀመጪ፣
የወንበሩ እግር ይነቃነቃል፣ ወረቀት አጥፌ ሥሩ ከትቻለሁ።
ባልዲው ከበሩ ኋላ ነው።
«ተስ» ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፤ ካወቅሽ ጻፊው።
ጣቢያ ሁለት ከድልድዩ አርባ ስድስት እርምጃ ነው፣
በእኔ እርምጃ።
አጭር ነኝ።