ካንገት በላይ

አስተርጓሚ ነኝ እኔ፣ በሰዓት ተከፋይ፤
ዛሬ የተጠራሁት ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ካንገት በላይ ሐኪም ዘንድ።

ጎተንበርግ፣ ኅዳር፤ በዘጠኝ ተኩል ይመሻል።
ትራሙ ኩርባው ላይ ብረት በብረት ፍቆ ያልፋል።
«ሰባት ቁጥር ነው» አሉ አቶ ድንበሩ ሳያዩት፤
ሃያ ሁለት ዓመት ነው የነዱት።
ስዊድንኛ አያጡም፤ ጣቢያ ለመጥራት፣ ሰካራም ለማውረድ ይበቃቸዋል፤
ለዛሬው ወሬ ግን አፍ የፈቱበት ይሻላል።

በኛ ቋንቋ ካንገት በላይ ሁለት ነው፦
አንዱ የጉሮሮ ሐኪም፣ የጆሮና የአፍንጫ፤
አንዱ ደግሞ ልብ የማያውቀው ሰላምታ፣ የጥርስ ማስጫ።
ይህን ለሐኪሟ አልነገርኩም፤
ያልተባለ አልተረጉምም።

መጠበቂያው ክፍል ሩኔ የሚባል ሽማግሌ አለ፤
አንገቱ ላይ ቀዳዳ፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ ቤት።
ሊናገር ሲል ባውራ ጣቱ ይደፍነዋል፤
ድምፁ ከደረቱ ጓዳ ይመጣል፣ እንደ አሮጌ ወናፍ፦
«በእኔ ጊዜ ቢላ ነበር። ጠዋት ገባሁ ከነድምፄ፣ ማታ ወጣሁ ያለ አፍ።
መርከብ በያጅ ነበርኩ። ሚስቴ በስልክ ስትጠይቀኝ
መነጋገሪያውን በጥፍሬ አንኳኳለሁ፤
አንድ ጊዜ ‹አዎ›፣ ሁለት ጊዜ ‹አይደለም›፤
ለ‹ናፈቅሽኝ› ምልክት አልነበረንም።
እነዚህ ልጆች ግን ዛሬ ማንቁርቱን ትተው ዕጢውን ይለቅማሉ።»
ሳቀ። ሳቁ በአንገቱ ወጣ፤
ካንገት በላይ ግን አልነበረም።

ዶክተር ሲግቪ ወረቀት ላይ ምላስ ሣለች፣ ከምላሱ ሥር ነጥብ።
«የእርስዎ ከሲጋራ አይደለም፤ ቫይረስ ነው ያመጣው።»
«ከማን?» አሉ፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ።
በሙያችን «እሳቸው እንዲህ አሉ» አይባልም።
«ከማን ያዘኝ?» አልኩ እኔ፤
የሰው ኀፍረት በእኔ ጉሮሮ ሲያልፍ ኮሰኮሰኝ።
«ከመኖር» አለች። «ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ይተወዋል፤
በጥቂቱ ላይ ይቀራል፣ ሠላሳ ዓመት ያደፍጣል።»

እንዲህ ያለው ዕጢ ለጨረር ቶሎ ይረታል አለች።
ድሮ ለሁሉም አንድ መጠን ነበር፣ ሰባት ሳምንት፤
ዕጢው ይሞታል፣ ምራቅም አብሮት ይደርቃል፣
ዳቦ አሸዋ ይሆናል።
ከዚያ አንድ ቃል አመጣች፤ በነሱ አፍ ፍቺው «ደረጃ መውረድ» ነው።
«መቀነስ» ብል ንፍገት መሰለ፤ «ማላላት» ብል ቸልታ።
ቃል ፍለጋ ቆምኩ፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ሒሳቡም።
«ገባኝ» አሉ አቶ ድንበሩ። «ኩርባ ላይ ፍሬን ነው።
ፈጥነው ከገቡ መንገደኛው ይወድቃል፤
አብዝተው ከያዙ ዳገቱን አይጨርሱትም።»
ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች፦
«ልክ ነው። ስንት ላይ መያዝ እንዳለብን ግን ገና አናውቅም፤
ለዚህ ነው ጥናት ያልነው።»
«አናውቅም» ለመተርጎም ቀላል ነው፤
ከሐኪም አፍ ሲወጣ ይከብዳል። ከአንጀቷ መሰለኝ።

የትኛውን እንደመረጡ አልናገርም፤
ምሥጢር መያዝም ይከፈለኛል።

በሳምንቱ የጨረር ጭንብል ሊሠራላቸው ተኙ።
ባለሙያዋ በፍል ውኃ ያለሰለሰችውን ወንፊት መሳይ ፕላስቲክ
ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ አገጫቸው ላይ ጫነችው፤
ሲበርድ ጠና፣ ፊታቸው ላይ ሌላ ፊት ሆነ፣ ነጭ።
ከአልጋው ጋር ቆለፈችው። አፍ መክፈት የለም።
«ደህና ነዎት?» አለች። «ደህና ነዎት?» አልኩ።
የምተረጉመው ድምፅ አልነበረም።
ከታች አንድ ትራም ኩርባውን ፍቆ አለፈ።
የአቶ ድንበሩ ጥፍር የአልጋውን ብረት አንኳኳ፣
አንዴ።
ሁለተኛውን ጠበቅሁ።
«አዎ» አልኩ፣ በስዊድንኛ።