ቤቴን

ክሊኒኩ አፉላ ነው፣ ከሱፍ ቆይው ሱቅ በላይ፤
ጨው ጨው የሚል ሽታ ደረጃውን ይወጣል፣
እስከ ሐኪሟ በር ድረስ፣ ሳይታይ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቁጥራችን አርባ ሰባት።
እናቴ የፌስታሏን ጆሮ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች፤
እኔ የቁጥሩን ወረቀት እበላዋለሁ፣
ከጥግ ከጥጉ፣ በጭንቀት።

«ቲሩንጎ!» አለች ፀሐፊዋ፣ ስሟን እንደ ድንጋይ አንከባላ።
የሱኮት ሰሞን ቢሆን ኖሮ፣ ያው ስም ከታች ገበያው ላይ፣
ኤትሮግ ተብሎ፣ በሣጥን ተኝቶ፣ በተልባ ጭረት ተጠቅልሎ፣
ጫፉ እንዳይነካ ተፈርቶለት፣ በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ፣
መቶ ሰቅል ያወጣል።
እናቴ ግን የታመመችው በየካቲት ነው።
በየካቲት ትርንጎ ማን ይገዛል?

ዶክተር ሪማ ከኪሺኔቭ ናት፤
ዕብራይስጧ ጠጠር ያልተለቀመለት ምስር።
ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ምኗን ነው?» አለች፣
ለእኔ፣ እግሯ ከወለሉ ለማይደርስ አስተርጓሚ።

እናቴ ተናገረች፦
«ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።
ወንድሜ ጎንደር እንደቀረ ነው፤
የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ስሰማ ሆዴ ይባባል።
ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤
ይኸው ሆዴን ፈጀው።»

እኔ ያለኝ ዕብራይስጥ ከደብተር ቦርሳ አይሰፋም፤
የኳስ፣ የላጲስ፣ የድመት፣ የመምህርት ኦስናት ቁጣ።
ከዚያ ሁሉ ዳብሼ አንዲት ቃል ሳወጣ፣
«ቤቴን» አልኩ።
በእነሱ ቋንቋ ሆድ ማለት ነው።

እናቴ የፌስታሉን ጆሮ ለቀቀች።
«አዎ» አለች፣ በአማርኛ፣ «ቤቴን። እሱን ንገሪልኝ።
አንቺ ልጅ፣ እንዴት አወቅሽው? ቤቴን ነው።»

ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡት፣ በጥቁር መስተዋት አዩት።
«ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም» አለች ሐኪሟ፤
ከዚያ በሩሲያኛ፣ ለራሷ፣ አንድ ነገር ተነፈሰች።
እሱን የሚተረጉምላት ልጅ አልነበረም።
ነጭ ሽሮፕ ታዘዘ፣ ናና ናና የሚል።
እናቴ ሰው አክባሪ ናት፤
አንድ ወር ሙሉ ጠጣችው።

ከዚያ አደግሁ።
በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ በሚወጣው አውቶቡስ፣
«እማ፣ ቀስ በይ» አልኳት፣ በዕብራይስጥ፤
አማርኛዋን ሰው እንዳይነካብኝ ይሁን፣
ወይስ እሱ እኔን እንዳይነካኝ፣
ዛሬም አላጣራሁም።
አጎቴ በሁለት ሻንጣ መጣ። አገላብጦ ስሞኝ ሲያበቃ
«አማርኛሽ ሳሙና ሳሙና ይላል» አለኝ፤ ሳቅን።
እናቴ ያን ማታ በልታ ተኛች።
በማግስቱ ሲመሽ ደግሞ ባር ባር አላት።
ለካ ወንድሟ ብቻ አልነበረም።

አሁን ሃይፋ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት።
ትናንት ሲመሽ ባቡሩ በሩን ዘጋ፣
እኔ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ።
አብራኝ የምትኖረው ሺራ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።
ልብ የሚሉበትን ቃል አነሣሁ፤ ከፍ አለብኝ።
ነፍስ የሚሉበትን፤ ሰፋኝ።
«ሆዴ ውስጥ ነው፣ ሆዴን ግን አይደለም» ብላት
ሻይ አፈላችልኝ፣ በናና።

ስልክ ደወልኩ።
«እማ» አልኳት፣ «ቤቴን።»
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።
ዝም ብላ ቆየች፤
ከወዲያ ማዶ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።
«እኔንም» አለች።