የግራ ክንፍ አስተርጓሚ

ከዶሮ ማነቂያ ሽቅብ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ፣
ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነበረው፣ የጎረቤት ቆርቆሮ የሚያሳይ።
መዝገብ ላይ «ሚስተር ክላፍተን»፤ የሰፈር ስሙ ግን «ቆልማማ»፤
ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር፣ ደረጃ ሲወጣ የሚሰማ።

በሳምንት አራት ፓውንድ እየተከፈለው፣
ጥላሸት እንደ ካፊያ በሚወርድበት አገር፣
ግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር።
ያ የፈረንጅ ጦርነት፣ አሥራ አንዱን ወስዶ ስድስት መለሰ፤
ጉልበቱ እዚያው ቀረ፣ ስሙም ከጋዜጣ ፈለሰ።

ቀጥሎ አሰልጣኝ ሆነ። ሦስት ክለብ በየተራ አባረረው፣
አራተኛው በደብዳቤ፣ ፊቱን ሳያይ አሰናበተው።
አምስተኛው እኛ ነበርን፣ የደጃች ውቤ ሰፈር ልጆች፣
ለአሥራ አንድ ሰው ሰባት ጫማ፣ ሦስቱ አቻ የሌላቸው ግራዎች።

እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።
ሁለት ክረምት የተማርኩት፣ «ይህ መጽሐፍ ነው» ላይ የቆመ እንግሊዝኛ፤
እሱ ሲናገር ግን ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ እንደ ዳኛ።
«ወደ ግራ!» ሲል ጮኾ፣ «ግራ!» እላለሁ ባለኝ አቅሜ፤
ወንድይፍራው ከጥግ ይመልሳል፦ «ግራማ ገብቶናል ወንድሜ!»

ከጉለሌ የገጠምን ለት፣ ሁለት ለባዶ ተመርተን፣
በእረፍት ሰዓት ጃን ሜዳ ሣር ላይ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣
ቆልማማው ቆቡን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ ረዥም አወራ።
«ጭቃ» ሲል ሰማሁ። «ወንድሜ» ሲል። ከዚያ አምስት ስም ጠራ።
ሌላው አመለጠኝ።
«ምን አለ?» አሉኝ።

«ኳሷን» አልኩ፣ «ለወንድይፍራው ስጡት ብሏል፣ ከዳር፣ በግራ፤
ወንድ ይፍራው የተባለ ልጅ፣ ራሱ እንዴት ይፈራ?»

ሁለት ለሁለት ወጣን። መሸ፤ ኳሷም ጠፋችብን ከዓይን።
ማታ በራስ መኮንን ድልድይ፣ ቁልቁል ስንሄድ ሁለታችን፣
ቆም አለ። ጉልበቱን አሸት አደረገ፤
እስከዚያች ቀን ከአፉ ሰምቼው በማላውቅ አማርኛ፦
«እኔ እንደዚያ አላለም።»
ላቤ መጣ።
«ነገም» አለኝ፣ «እንደዚያ በል።»

ፎቁ ዘንድሮ ፈረሰ። መድኃኒት ቤቱም፣ ያ ደረጃም።
ከአምስቱ ስም የያዝኩት ሦስት ነው፤ ሁለቱ ከዕድሜ ጋር ጠፉ።
አንዳንዴ ድልድዩ ላይ፣ መኪኖቹ በጎኔ ሲያልፉ፣
ቆሜ እጠራቸዋለሁ፣ እንደ ሰማኋቸው፣
ሳልተረጉማቸው።