«አስተያየት» የሚል ዓምድ

ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ጅሬን ጠቆረና ወረደብን ድንገት።
እኔ በመጋዜ፣ ልጄ ሪያድ በብርጭቆ ወረቀት
ዋንዛ ስናለሰልስ፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣
ከንፈሩን አያለሁ፣ ድምፁ የለው መውጫ።

ሲያባራ ቆጠርኩ፤ ቀዳዳው ስልሳ ሁለት።
ለሙሽሮች ቤት የተሰናዱት
አርባ በርጩሞች፣ ቀለም ያልደረቁ፣
ውሃውን ጠጥተው እግር እግራቸው ተሰነጠቁ።
ጥፋተኛው ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየ፤
ቀለጠና አዌቱ ገባ፤ ማንም አላየ።
ቀልጦ የሚያመልጥን በየት አገር ሕግ ይከሷል?
ካቴና ቢያጠልቁለት በጣት መሃል ይፈሳል።

የመድን መሥሪያ ቤቱ ሰው፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«በረዶ ስለመውረዱ» ብሎ ማስረጃ ፈለገ።
«ቀዳዳው?»
«ቀዳዳ ምስማርም ይሠራል።»
«ጎረቤት?»
«ጎረቤት ይወድሃል፤ የሚወድ ያዳላል።
ሂድ ሜትሮሎጂ፣ አምጣ ደብዳቤ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት፣
ማኅተም ያረፈበት።»

ለካ ሰማይም ጸሐፊ አለው! ደመወዙን ወር ጠባቂ፣
ደመናን በስምንት የሚከፍል፣ ነፋስን «ከየት?» ጠያቂ።
መዝገቡን ገለጠልኝ። ዝናብ፦ ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት።
ነፋስ፦ ከምሥራቅ።
ጣቴ በየመስመሩ ሄደ። በረዶ የሚል ቤት
አጣሁ።
ልወጣ ስል፣ ጫፍ ላይ፣ «አስተያየት» በሚል ጠባብ ዓምድ፣
ከዝንብ እግር ባልወፈረ ጽሕፈት፣ መስመር አንድ፦
«በረዶ። ከ9፡20 እስከ 9፡37። የባቄላ ፍሬ ያህላል።
ጥቂቱ ይበልጣል።»

እኔ እኮ ለሰፈሩ «የዶሮ እንቁላል» ብዬ ነበር የማልኩት!
ባቄላ ሲል አፈርኩ፤ ጆሮዬን ነካካሁት።
ግን እንቁላሌን ሂርማታ ገበያ የገዛኝ ማንም የለም፤
ባቄላው ነው ማኅተም ያገኘ፣ ባለ ሰማያዊ ቀለም።

«ባልዲ ራሴ ላይ ደፍቼ ወጣሁ» አለኝ ነዚፍ፣ መዝጋቢው፤
«አንዱን አንስቼ ከማስመሪያ ጋር ሳስተያየው
ጣቴ ላይ አለቀ።»
ቤቱን ጠየቅኩት። ቆጪ ነው። ጣሪያውስ? ሳቀ።
«እኛ ጋ መለኪያ የለም፤ መድንም የለም፤
ሳፋ ደርድረን ነው የምንለካው፤ እሱን ማንም አይጽፍም።»

ገንዘቡ ኅዳር ላይ መጣ፣ ተቀናንሶ፣ ተመትሮ፤
ለቆርቆሮው በቃ፤ በርጩሞቹን እሳት በላቸው ዘንድሮ።

ዛሬ ጅሬን ሲጠቁር ልጄ ጣሪያውን አያይም፤ ሰዓት ያያል፤
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠርብ ላይ ይጽፋል።
«አባዬ፣ ምን ያህላል?» ሲለኝ
አፌ ላይ የመጣውን እንቁላል እውጣለሁ፤
ደጅ ወጥቼ አንዱን አነሳለሁ፣
ሳይሟሟ በፊት።
«ባቄላ ብለህ ጻፍ» እላለሁ። «ሰዓቷን አትርሳት።»