መልስ አልሰጠም

ቢቸና፣ መሬት ቢሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
ዘበኛው ሳይቀር ተነሥቷል ለራት፤
እኔ ከማሽኑ ጋር ቀርቻለሁ ተፋጥጬ
አንድ እግሯ ባጠረ ወንበር ተቀምጬ።

«ዲስኩን ጠየቅሁት፤ መልስ አልሰጠም» ይላል፤
«ሠላሳ ሰከንድ ጠበቅሁ፤ ዳግም አስነሣሁት» ይላል፤
ደግሞ ይጠይቃል፤
ደግሞ ይጠብቃል፤
ዲስኩ የያዘውን ሳይጨርስ ይጥላል፣
እንደገና «ሀ» ይላል።

እዚያ ውስጥ ያለው የስንት ቀበሌ ድንበር፣
የስንቱ ሟች ኑዛዜ፣ የስንቱ ሕያው ክስ ነበር።
ነገ በማለዳ ውድነሽ ችሎት ትቆማለች፤
የባሏ ወንድም የገፋት፣ ከቦይ ዳር አንዲት ማሳ አለች።
ካርታዋ እዚህ ነው፤
ዲስኩም እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ራሱን ዲስኩን ነው፤
የሰው ልማድ ዝም ያለውን መኰነን ነው።
መረመርሁት፤ ጤነኛ ነው፤
አንድ የሞተ ክፍል የለው፣ ሙቀቱም ልከኛ ነው።
ገመዱን ነቀልሁ፤ አቧራውን እፍ አልሁ፤
ሌላ ገመድ ፈልጌ በሌላ በር ቀጠልሁ፤
ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሰው ሠራና
«መልስ አልሰጠም» አለኝ እንደገና።

ያኔ ነው ዓይኔ ከስህተቱ ወደ ሰዓቱ የዞረው፦
ጠዋት ሦስት ተኩል፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ነበረው፤
ትናንትም እንዲሁ፣ ገበያ ቀን ደግሞ እየተደጋገመ።
ምን አለ በነዚያ ሰዓቶች? ጆሮዬ ቆመ።
ከግንቡ ባሻገር አንድ ነገር ግርርር አለ፤
ከራሴ በላይ አምፖሉ ቅንድቡን ጣለ፤
ማሽኑም ወዲያው «መልስ አልሰጠም» አለ።

ኧረ ወፍጮው ነው! የእንዳላማው!
ድንጋዩ በተነሣ ቁጥር መብራቱን የሚሻማው።
በሽተኛ ብዬ ሳገላብጠው ያመሸሁት
ለካ ርቦት ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ከኃላፊው ክፍል ባትሪ ያለውን ማረጋጊያ ተበደርሁ
(ሳይጠይቁ መውሰድ በኛ ቢሮ መበደር ነው)፤ ማሽኑን በሱ አሳደርሁ።
ሠላሳውን ሰከንድ ዘጠና አደረግሁት፤
«ታገሥ፣ የሚለው አለው» አልሁት።

ካርታዋ በእኩለ ሌሊት መስመር በመስመር ወጣ፤
ከምዕራቡ ወሰን ላይ ግን አንድ የቸኰለ ጸሐፊ
«ይርሳውን ጠይቁ» ብሎ ጽፎ ወጣ።

ይርሳው!
እናቱ «ይርሳው» ያለችው ሐዘንን ነው፤ እሱማ
የአርባ ዓመት ድንበር በልቡ የያዘ ነው፣ ከየትመን እስከ ዲማ።

ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ደረስን፤
ሁለት ጸሐፊዎች፣ ውድነሽና እኔ፤ ከደጁ ሰፈርን።
«አባ ይርሳው፣ የምዕራቡ ወሰን የት ነው?» አለ አንደኛው።
ዝም። ዓይኑ ወደ ጌሾው ሄደ።
«አልሰማም መሰለኝ» ብሎ ጮኸ ሁለተኛው፤
ሽማግሌው ከሄደበት ተመለሰ፣ ደግሞ ከመነሻው ወረደ።
ሦስተኛ ጠየቁት። ደግሞ ተመለሰ።
«ረስቷል፤ እንሂድ፤ ሰዓቱ ደረሰ።»

ያን ፊት ግን አውቀዋለሁ፤
ሌሊቱን ሙሉ አይቼዋለሁ።
«ዝም በሉ» አልኋቸው።
ሠላሳው አለፈ።
ውድነሽ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።
ስድሳው አለፈ።
ዘጠናውም፤ እዚህ ላይ ማሽኔ እንኳ ተስፋ በቆረጠ ነበር።

«ቦይዋ» አለ ይርሳው፣ «ዱሮ እዚያ አልነበረችም።
ጎርፍ ነው ያዞራት፣ ባልሽ በሞተ በዓመቱ።
አሮጌው ቦይ ከወይራው ሥር ነው።
ቆፍሩ፤ ጠጠሩ ይመሰክራል።»

የዲስኩን ሁለት ቅጂ አኑሬያለሁ፤
አንዱን ቢሮ፣ አንዱን ከቤቴ፣ ከልብሴ ሥር አለሁ ብያለሁ።
የይርሳው ቅጂ የለም።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፤
አንዲት ጥያቄ እጠይቅና
እስክሪብቶዬን ከድኜ
እኔም ወደ ጌሾው አያለሁ።