የአንሶላ ቆጠራ

በኦስተንድ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ተራው አልፎ፣
አራት ፎቅ ቆሟል ባሕሩን ተደግፎ።
ምድር ቤቱ እርጥብ ነው፤ ከማሽኖቹ ኋላ
እኔ ነኝ የማጥበው ያልጋውን አንሶላ።
ባለፈው ቧንቧ ፈንድቶ መደርደሪያው ሲነሣ፣
መዝገብ ወጣ ከጀርባው፣ ሆዱ ያበጠ እንደ ዓሣ።

አንሶላ፣ ትራስ፣ ፎጣ፤ ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ።
አንዲት ሴት ስትቆጥር ዓመቱ ተሻገረ።

ስሟ ጎደሊቭ ነው፤ የአሮጊት ስም ነው ይላሉ፤
ከኔ ጆሮ ሲደርስ ግን ፊደላቱ ሌላ ያወራሉ፦
በኛ ቋንቋ «ጎደለ» ለማለት ጥቂት ቀረው፤
ደብተሯን ብታይ ግን አንድ ጎዶሎ የለው።

ማርኒክስ፣ የቦይለሩ ሰው፣ በምሳ ሰዓት ያነብልኛል፤
ዳቦውን እያኘከ፣ ፍርፋሪው ገጹ ላይ ይረግፋል።

«ክፍል ሰባት፦ ወይን ፈሶ ጨው ነሰነስኩበት።
ክፍል ሃያ፦ ሙሽሮች። አንሶላውን ሳላይ አጠፍኩት።»

«ግንቦት። አራት መቶ ስምንት አንሶላ። ሁሉም አሉ።
እንግዶች ሻንጣ ጥለው በሌሊት ኰበለሉ።
ሰኔ። መኮንኖች ገቡ። ሁለተኛው ፎቅ ሙሉ።
ቦት ጫማ ሳያወልቁ አልጋ ላይ ይወጣሉ።
በሶዳ ሁለቴ ታጥቦ ጥቁሩ አልለቅ አለ።»
ስለ ወረራው የጻፈችው እዚህ ላይ ተጠቀለለ።

በረንዳው ላይ ሲሚንቶ ፈሶ መድፍ ተተከለ፤
የባሕሩ መስኮት ሁሉ በጡብ ተከለለ።
የዳንስ አዳራሹ ወለል ላይ የድንች ጆንያ ተኛ፤
ባሕር ሲሸጥ የኖረ ቤት ሆነ የባሕር እስረኛ።

ማርኒክስ ግን አንድ ቀን እርሳስ አውጥቶ ደመረ፤
ከሁለተኛው ክረምት ወዲህ ሒሳቧ ተሰበረ።
«ሁሉም አሉ» ትላለች ወር በወር፣ ሳታፍር፤
ሠላሳ ሰባት አንሶላ የለም መደርደሪያው ሲቆጠር።
«ሰርቃለች» አለ ማርኒክስ። እኔም ወዲያው አመንኩ፤
በረሃብ ዘመን አንድ አንሶላ ስንት ዳቦ እንደሆነ ገመትኩ።

የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ፣
ሌላ ቆጠራ ነበር፣ ለራሷ ብቻ እንዲታወቅ።

«አንድ፦ ማዕበል የጣለው። ጢም የለው። ቀይ ሹራብ።
ሁለት፦ አብራሪ። እንግሊዝ ይመስለኛል። ቀኝ እጁ የለም።
ሦስት፦ የዚያኛው ወገን። ልጅ ነው። ካንገቱ ላይ ክታብ።
ዘጠኝ፦ የሽሪምፕ አጥማጁ የሴራፊን ልጅ። አውቀዋለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።»

ባሕሩ በሌሊት ሲተፋ፣ ጠባቂው ሲያንቀላፋ፣
በኋላ በር ትወጣለች አንሶላ በክንዷ ታቅፋ።
ኦዲሎን የሚሉት ቀባሪ ጋሪ ይዞ ይጠብቃል፤
ጎማውን በጨርቅ ጠቅልሏል፤ ጨለማ ድምፅ ያውቃል።
ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ ጠርዙ ላይ መልሕቅ የተጠለፈ፤
ለመኮንኖቹ የተረፈው ያለቀና የተጣፈ።

ማርኒክስ ዳቦውን አስቀመጠ። ደብተሩን ጠረገ በክንዱ።
ከምሳ ሰዓታችን ዐሥር ደቂቃዎች ዝም ብለው ሄዱ።

«መስከረም። መኮንኖቹ ለመስኮት ነጭ አንሶላ ጠየቁ።
‹ጎደለ› አልኳቸው። በኋላ በር ወጥተው ዘለቁ።»

ዛሬ አንሶላው የኪራይ ነው፤ መልሕቅ የለው፣ ጥልፍ የለው፤
ጠርዙ ላይ ማሽን የሚያነበው ጥቁር መስመር ነው ያለው።
ማታ ፈረቃዬ ሲያልቅ ሠላሳ ሰባት ጨመርኩ፤
ቅጹ ላይ «ሁሉም አሉ» ብዬ ከግርጌው ፈረምኩ።

ጠዋት ተቆጣጣሪዋ፦ «ቁጥርሽ በዝቷል፤ ድገሚ» አለች።
ደገምኩት። ያው ወጣ። ማሽኗ ከኋላዬ ታጉተመትማለች።