ቆይ እስኪሞቀኝ

ታይዋን ገበያ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ቀትር በሚፈላበት፣
ሮብሌ ሁለት ስካነር አኖረልኝ፣ ካርቶን አንጥፎበት።
ግራዬ ላይ ስሱ፤ እንደ ደብተር ቀጭን፣ ገና ያልተነካ፤
ቀኜ ላይ ወፍራሙ፤ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ ክብደቱ የማይለካ።

«ስሱን ውሰድ» አለኝ፤ «አምፖል የለው፣ አይሞቅ፣ አያስጠብቅ፤
ከኮምፒውተርህ ገመድ ጠጥቶ ይሠራል፤ መብራት ቢሄድ አይጨነቅ።»
«ያኛውስ?»
«ያኛው ሽማግሌ ነው። ሆዱ ውስጥ መብራት አለ፣ መስታወት አለ፣ ሌንስ አለ፤
ሶኬት ካላገኘ ሬሳ ነው። ሲነሣም ያዛጋል፣ ቆይ እስኪሞቀኝ እያለ።»

እኔ በእጄ የያዝኩት ፎቶ ነው፣ ከአባቴ ካዝና የወጣ፤
የደቻቱ ጎርፍ ያን ሌሊት ድልድዩ ዳር ፎቶ ቤታችን ሲመጣ
ከታችኛው መደርደሪያ ውሃ የጠጣ፣
በማግሥቱ የድሬ ፀሐይ አድርቆት፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያወጣ።
የምድር ባቡሩ አብዶሽ፣ ከነኮፍያው፣ ከነሙሽራው ከነጂባ ጋራ።

ሞከርነው። ስሱ ፈጣን ነው፤ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ እያበራ
ሾልኮ አለፈ፣ ልክ እንደ ቆጣሪ አንባቢ፣
ደጁን ዓይቶ የሚዞር፣ ሰው ሳይጠራ።
የአብዶሽ ፊት ጠራ። አዝራሩ ጠራ፣ የኮፍያው ዓርማ ጠራ።
ነጂባ ግን፣ ወረቀቱ ካበጠበት፣ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ካለችበት፣
ጭጋግ ሆነች። ዓይኗ ሟሟ፤ ፈዘዘ የኩሉ መስመር ያለበት።
ስሱ የሚያውቀው የነካውን ነው። አፍንጫውን መስታወት ላይ ያልለጠፈለት
ለእርሱ የለም፤ አልተወለደለት።

«ተጫነዋ!» አለ ሮብሌ፤ «ጡብ አስቀምጥበት፣ ይደላደላል።»
የተጫኑት ፎቶ እንዴት እንደሚሰነጠቅ እኔ አውቃለሁ፤ ድምፅ አለው፤ «ቅጭ» ይላል፤
ከዚያ ከጉንጭ ላይ ቅርፊት ይነሣል።

ወፍራሙን ሰካነው። ዘገየ። አጉረመረመ። መብራቱ ፈዞ ጀመረ፣
እንደ ዘበኛ ቁልፍ እንደጠፋበት፣ አንድ ባንድ እየሞከረ።
ከመስታወት ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ሌንስ ብርሃኑ ሲታጠፍ፣
ነጂባ ከነኩሏ ወጣች፣ ከወረቀቱ ማዕበል ጫፍ።
ጎርፉ የተወው ጭቃ ሳይቀር፣ አንገቷ ሥር፣ እንደ ቀጭን ድሪ፣
ጥርት ብሎ። «እይ! አልነገርኩህም?» አለ ሮብሌ፤
ያ ቅድም አናናቂው ሰው፣ አሁን ዋጋ ጨማሪ።

ሒሳቡን አሰብኩት፦ ሦስት ሺህ ፎቶ፣ ላንዱ አራት ደቂቃ፣
ሁለት መቶ ሰዓት፤ እኔ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
መብራቱም እንደኔው በፈረቃ።
ስሱ በአንድ ወር ይጨርሰዋል፣ ግማሹን ሰው ጭጋግ አርጎ ትቶ፤
ሽማግሌው ዓመት ይፈጃል፤ ምናልባት ምስጥ ይቀድመዋል፣ ካርቶኑን በልቶ።
አባቴን ብጠይቀው?
አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ደንበኛ ቶሎ በል እያለ ሲያጣድፈው
«ፊትህ ይቸኩላል እንዴ?» ብሎ ነበር የሚያሳርፈው።

ከፈልኩ። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌው፣ እንደታመመ በግ፣
አለፍን በከዚራ ዛፎች ሥር፣ በየአሮጌው ግንብ ጥግ።
ቤት ስደርስ ሰፈሩ ጨለማ። ሶኬቱን ሰካሁት፤ ዝም።
እኅቴ ከሻማዋ ጀርባ ሳቀች፦ «ስሱን ነበር፣ አይደል?»
መልስ አልሰጠኋትም።
ዛሬ ዕረፍቴ ነው። ግድግዳው ትኩሳት አለው፤ ፍራሼን በረንዳ አወጣሁ፤
ነጂባን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ፣ ክዳኑን ሳልጫን፣ ጠበቅሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የጎረቤት ፍሪጅ ነቃ፤ ማዶ አንድ ሰው «መጣ!» አለ፤
ከቤት ውስጥ፣ ከክዳኑ ሥር፣ አንድ ነጭ መስመር ዋለለ፣
ሽማግሌው አዛጋ፣ ቆይ እስኪሞቀኝ እያለ።

ሙቅ፣ አልኩት።